ዘጠኝ አንገት

እሁድ አራት ለባዶ። ሰኞ ተባረረ።
ማክሰኞ ፀጉር ቤቴ፣ ገና ሳልከፍተው፣ በወሬ ታጠረ።

ከተማችን ይህችው ናት፤ ፊቷ ጥቁር ባሕር፣ ጀርባዋ የሻይ ጋራ፣
ዝናቧ እንደ አበዳሪ በር የሚያንኳኳ በየተራ፤
ዋንጫ ያየነው አንዴ ነው፣ ያኔ እኔ የወተት ጥርሴን ሳወልቅ፣
ፎቶው እስከ ዛሬ ድረስ ከመስታወቴ ጥግ የማይወልቅ።

ሩሽቱ ዓሣ ሻጩ መጣ፣ የቦቲውን ቅርፊት ሳያራግፍ፤
«ኦስትሪያዊው ነው!» አለ፣ ገና ደፉን ሳያልፍ።
«የአክስቴ ልጅ ኤርፖርት ሻንጣ ያወርድ የለ?
ከቪየና በመጣ ሻንጣ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሎ አየሁ አለ።»

«ፊሽካማ ትራፊክም አለው» ዚህኒ ከወንበሩ መለሰ፣
አርባ ዓመት የሻይ ፋብሪካ ያነደደ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ።
«የኛው ልጅ ይሁን እንጂ! ያ ግራ ተከላካያችን ቬይሲ ምን ጎደለው?
ሚኒባሱን አታዩም? አሥራ አራት ወንበር፣ ሃያ ሰው፤
አሰላለፍ ማለት ይኼ ነው!»

የመድኃኒት ቤቷ ሴኒሃ፣ የልጇን ጭንቅላት እንደያዘች፣
«ሴት ብትሆንስ?» አለች።
መቀሴ ቆመ። ቧንቧው ቆመ። ዝናቡም ያቆመ መሰለኝ።
«አራት ለባዶን ያመጣው ወንድ ነው» ብላ ጨመረች።
ዚህኒ አረፋውን ዋጠ።

እኔ ዝም።
መቀስ የያዘ እጅ ወገን አይይዝም።
ዘጠኝ የአሰልጣኝ አንገት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ አልፏል በእጄ፤
አንዱን በጥር ውርጭ ያልበው ነበር፣ ሳይደርስ ገና ከደጄ፤
አንዱ እንቅልፍ ወስዶት፣ ራሱ እንደ ሐብሐብ መዳፌ ላይ ከብዶ፣
«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይል ነበር፣ ተጨንቆ፣ ተናዶ።

ዘጠነኛው እሁድ ማታ መጣ፤ ጨዋታው ካለቀ ሰዓት አልሞላም።
«እንደ ወትሮው?» አልኩት። መልስ የለም።
የዱቤውን ደብተር አስገለጠኝ፣
ያለበትን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፈለ፣
ፀጉሩን ሳይቆረጥ ሄደ።
ቦርዱ የተሰበሰበው በማግሥቱ ነው።
ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሐሙስ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ገባ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣
ተቀመጠ። የሻይ ብርጭቆው ሁሉ አየር ላይ ቀረ፣ ተንሳፍፎ።
«እንግዳ ነዎት?» «አዎን።» «ለሥራ?» «ለሥራ።»
«ይቆያሉ?» «እንደ ውጤቱ» አለ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይኮራ።
ሩሽቱ የዚህኒን እግር ረገጠው።
«ሥራዎ ግን ምንድን ነው?»
«እብነ በረድ እሸጣለሁ፤ ለመቃብር።»

ወጣ። በሩ ገና ሳይገጥም ሩሽቱ፣ «አያችሁ? አያችሁ ሲሰውር!
እውነቱን ከተናገረማ ምኑን አሰልጣኝ ሆነ?»
ዚህኒም፣ ቬይሲን ረስቶ፣ «አረማመዱ የአማካይ ነው» ብሎ አመነ።
ወሬው መድኃኒት ቤት ሲደርስ ሴኒሃ፣
«ለዚህ ቡድንማ ድንጋዩም ያስፈልጋል» አለች አሉ።

እኔ ግን አንገቱን ነክቼዋለሁ።
ልስልስ ነው፣ ጅማቱ የላላ፤
ሌሊት የሚተኛ ሰው አንገት።

ወለሉን ጠረግሁ፤ የዚህኒን ነጭ፣ የሩሽቱን ጥቁር፣ የእንግዳውን ግራጫ፣
አንድ ላይ ገፋሁት ወደ መውጫ።
ልዘጋ ስል ሩሽቱ ብቻውን ተመለሰ፣ እየተንጠባጠበ፣
ወደ ጆሮዬ ቀረበ፦
«አንተ ነክተኸዋል። እውነቱን ንገረኝ። እሱ ነው?»

ለቅዳሜ ገና ሁለት ቀን አለ። ዝናቡም አላባራ።
ከመስታወቱ ጥግ፣ ያ የድሮ ዋንጫ፣ በአምፖሉ ብርሃን ሲያበራ፣
«ቅዳሜ እናያለን» አልኩት።
«አውቄ ነበር!» አለና ሮጠ፤
ቦቲው ኩሬውን ሲሰነጥቀው ሰማሁት።